ለልጄ የገዛሁት ብርድ

መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ሹራብ፣ ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያና ብርድ ልብስ ነው የምሸጠው። ሰው ሲበርደው ወደ እኔ ይመጣል። እንጀራዬ ከብርድ ነው ብል አልዋሸሁም። እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ቀን ከደሴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ አስጭና ስትመጣ ገበያው ምን እንዳለ አስቡት እንግዲህ። «ሰው ልብስ ይገዛል፣ እሷ ብርድ ገዝታ መጣች» አሉ። «ሹራቧ እንዲሸጥላት ሀገሩን ልታበርደው ነው» ያለም አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሲደርሰኝ ግን፣ ወላሂ፣ ከልቤ ሳቅሁ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

የገዛሁት ለልጄ ነው። ያለኝ እሱ አንድ ብቻ ነው። ሲወለድ ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነበር። ጥርሱም ዘግይቶ ዘግይቶ ሲወጣ ጥቂት ብቻ፣ እነሱም ሹል ሹል። ሰው ፊት ለፊት «ማሻአላህ» ይልና ዞር ሲል ይንሾካሾካል። እኔ ደግሞ አፌን የምይዝ ሴት አይደለሁም፤ «ምን ታያለህ፣ ጥርስ ልታበድረው ነው?» እላለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጥርሱ አልነበረም፤ ትኩሳቱ ነው። በበጋ ቀትር ላይ ከልጆች ጋር ጥቂት ከሮጠ ገላው እንደ ጉልቻ ይግላል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ይዝልና ይተኛል፣ ስንጠራው አይሰማም። አመሻሽ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ተነስቶ ይጫወታል። ደጋ ነን ብለን እንኮራለን እንጂ በበጋ የዓባይ በረሃ ሙቀት ሽቅብ ወደ እኛ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ትኩሳት የያዘው ልጅ እኛ ዘንድ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ምች መታው ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ልጁ በጋቢ ይጠቀለላል፣ በላዩ ብርድ ልብስ ይደረባል። «ያልበው፣ ላቡ ሲወጣ ይሽረዋል» ይባላል። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ በዚህ ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚመሰክርላቸው ናቸው፤ የስንቱን ቤት ልጅ ላቡን አስወጥተው አስነስተዋል። ጎረቤት ለጥየቃ ይመጣል፣ የመጣው ሁሉ አንድ ልብስ ይደርባል። እኔም ከሱቄ አዲስ ብርድ ልብስ አምጥቼ አለብሰዋለሁ። ልጄን ግን አያልበውም። ጭራሽ! አማቴ እጃቸውን ጋቢው ሥር ሰደው አንገቱን፣ ብብቱን ይዳስሱና «ገና ነው፤ ጨምሩበት» ይላሉ። እኛም እንጨምራለን።

አራት ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን እንዲሁ ጠቅልለነው ሳለ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፤ አረፋ ደፈቀ። «ያ ረቢ፣ ድረሱልኝ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት እስከ ገበያው ተሰማ አሉ። የትምህርት ቤት መምህር የሆነው ባሌ በሰው ተጠርቶ መጣ፤ ልጁን ታቅፎ ወደ ሐኪም ሮጠ። እዚያ ልብሱን ገፈው በውሃ አርሰውት ነፍሱ ተመለሰች፤ ከዚያ ወደ ደሴ ላኩን።

ደሴ ያየው ሐኪም ብዙ አልተናገረም። ጥርሱን አየ፣ ፀጉሩን ዳሰሰ፣ የእጁን መዳፍ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይህ ልጅ አልቦት ያውቃል?» አለኝ። ቆሜ አሰብኩ። ለካ አላውቅም! እናቱ ሆኜ፣ አጥቤው፣ አዝዬው፣ አቅፌው ተኝቼ፣ የልጄን ላብ አይቼ አላውቅም።

«ላብ የሚያወጣበት የለውም፤ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሰው ሲሞቀው የሚያቀዘቅዘው ላቡ ነው። የእሱ ሙቀት መውጫ የለውም፣ ውስጡ ይጠራቀማል። የሚሰጠው መድኃኒት የለም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ነው። ሲግልባችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ አርከፍክፉበት። በምንም ዓይነት እንዳትሸፍኑት።» ቀጥሎ በእናት በኩል የሚመጣ መሆኑን፣ ወንድ ልጅ ላይ እንደሚበረታ ነገረንና «በእናንተ ቤተሰብ በጨቅላነቱ በትኩሳት የሞተ ወንድ ልጅ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበር።

ታላቅ እህቴ አቀስታ ነው ያገባችው። ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱንም ሳይድኹ በትኩሳት ቀብራለች። ከዚያ ወዲያ አላህ አልሰጣትም። የሞቱት ዓይን በልቷቸው ነው ተባለ፣ ቤቱ ነው ተባለ፣ ያልተባለ ነገር የለም። ከደሴ ስንመለስ መንገዳችን በአቀስታ ስለሆነ እሷ ዘንድ ወረድን። ሐኪሙ ያለውን ባሌ ሲነግራት እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። ቡና ልትቀዳ ያነሳችውን ሲኒ መልሳ አስቀመጠችው።

«እንዳትሸፍኑት ነው ያለው?»

«አዎ፣ በምንም ዓይነት ነው ያለው» አላት ባሌ። ምስኪን፣ ምን እንደሚነግራት እንኳ አልገባውም።

«እኔ እኮ እሳት ዳር አስተኝቼ ነው የሸፈንኳቸው» አለች። «የመጀመሪያው የሞተብኝ በደንብ ስላልሸፈንኩት መስሎኝ፣ ሁለተኛውን አጥብቄ ሸፈንኩት።»

«አብሽሪ እትዬ፣ የአላህ ቀደር ነው» አልናት። ሌላ ምን ይባላል? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ልጄን ወደ ራሷ አስጠጋችና የሹራቡን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታችለት። እኔ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

በማግስቱ ልንነሳ ስንል በሩ ላይ ቆመችብን። «ልጁን እዚህ ተዉልኝ» አለች። «የአቀስታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በጋ የለው ክረምት የለው። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቦታ ይኑር ካለ ከዚህ የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ የት ታገኛላችሁ?» ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ራሱ አናደደኝ፤ እያሰበበት ነበር! «ልጄን ለብርድ አልሰጥም!» አልኩ። «ብርዱን እኔ አመጣለታለሁ!»

በንዴት ነው የተናገርኩት፤ እንዴት እንደማመጣው አላውቅም ነበር። ግን በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ልጄ በእኔ ቤት፣ በእኔ ዓይን ሥር እንዲያድግ። አንዱን ልጄን እህቴም ትሁን ሌላ፣ ለሰው ሰጥቼ ልኖር አልችልም።

መላውን የነገረችኝ ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ደንበኛዬ ናት። ካልሲ ልትገዛ መጥታ ጨዋታ አነሳን። «እዚያ ውጭው ይጠብሳል፣ ቤት ውስጥ ግን ብርድ ልብስ ለብሰን ነው የምንተኛው። ኤሲ አለ» አለችኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብቻ ሳይሆን ጎማ ያለው፣ እየገፉ ከክፍል ክፍል የሚወስዱት፣ ሙቀቱን በቱቦ በመስኮት የሚያስወጣ ዓይነት እንዳለ አስረዳችኝ። ካልሲውን በነፃ ሰጠኋት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም የጋብቻ ወርቄን ሸጬ ደሴ ወረድኩ።

ባለ ሱቁ ደስ የሚል ሰው ነበር። «ለሎጊያ ነው ለአሳይታ?» አለኝ።

«ለመካነ ሰላም።»

ሳቀ። «እናቴ፣ ለመካነ ሰላም ማሞቂያ ነው የምንሸጥላችሁ!»

«ማሞቂያውን ለአንተ እናት ግዛላት፣ ለእኔ ይኸን አሳየኝ» አልኩት። ልጄ ምን እንደሆነ ስነግረው ግን ሳቁን ተወና ራሱ ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ አደረሰልኝ፤ ሲለየኝም «አላህ አፊያ ይስጠው» አለ። መንገድ ላይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ አንድ ሽማግሌ «ጣሪያው ላይ የጫንሽው ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ብርድ ነው አባባ» አልኳቸው። «እዚህ አልቆ ነው?» አሉ። መኪናው በሳቅ ሊገለበጥ ነበር።

ባሌ አብሮ የመጣውን የመመሪያ ወረቀት አንብቦ ማሽኑ ከመንገድ እንደገባ ወዲያው እንዳይከፈት፣ ቆሞ እንዲያርፍ አዘዘ። የልጁን ክፍል መስኮት አንዱን ክፋይ በጣውላ ደፍኖ ለቱቦው ቀዳዳ አወጣለት። የሰው ጭን የሚያክል ቱቦ ነው። ሲከፈት ወፍጮ ቤት የገባን መሰለን፤ አማቴ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው እስከ በሩ ሸሹ። ልጄ ግን ፊቱን ሰጠው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ክንዱን አቅፎ «እማ፣ በረደኝ!» አለ። ከተወለደ በረደኝ ሲል ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ባሌና እኔ ተያየን፤ እኔማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ደስታ ነው።

አማቴን ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነበር። ለእርሳቸው ፊት ላይ የሚነፋ ብርድ በገዛ ገንዘብ የተገዛ ምች ነው። በዚያው ሰሞን እኔ ገበያ፣ ባሌ ትምህርት ቤት፣ ለምሳ ስመለስ የልጁ ክፍል በር ገና ሲከፈት የእሳት ወላፈን ፊቴን መታኝ። ማሽኑ ያጓራል፣ ልጄ ቀልቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ቱቦው ከመስኮቱ ተነቅሎ ክፍሉ ውስጥ ተጋድሟል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል።

«እማማ! ምን አደረጉ?»

«ቀዳዳው ተከፍቶ ልጁን ምች ይምታው እንዴ?» አሉኝ በሰላም። «ወተፍኩት። ማሽኑ እንደሆነ ይነፋል፣ ምን ጎደለበት?»

በዚህ ጫፍ ያቀዘቀዘውን በዚያኛው ጫፍ እያሞቀ፣ ክፍሉን ምድጃ አድርጎታል። ልጁን አውጥቼ ውሃ አርከፈከፍኩበት፤ ደህና ሆነ። ከዚያ ወደ እርሳቸው ዞሬ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ማታ ባሌ መሃል ገብቶ አውፍ አባባለን፤ ቱቦውንም ውጭ አውጥቶ እጃቸውን ያዘና አፉ ላይ አስደረጋቸው። «እማ፣ ይኸውልሽ፤ የልጁ ሙቀት በዚህ ነው የሚወጣው» አላቸው። ያ ሙቅ አየር መዳፋቸውን ሲነካው ሌላውንም እጃቸውን ጨመሩ። «ከልጁ ነው ይኸ ሁሉ?» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ የቱቦው ዘበኛ እርሳቸው ሆኑ። ቀትር ላይ ማሽኑ ሲከፈት በርጩማቸውን ይዘው ከመስኮቱ ውጭ ይቀመጣሉ፣ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን ለቱቦው አፍ ይሰጣሉ። «ለእሱ ብርዱ፣ ለእኔ ሙቀቱ፤ አላህ ሲያደላድል!» ይላሉ። ከግቢ የሚያልፍ ልጅ ቱቦውን ሲነካ በከዘራ ያባርራሉ። ልጄ ከውስጥ «አያቴ፣ ሞቀሽ?» ይላቸዋል፣ እርሳቸው ከውጭ «በረደህ?» ይሉታል፤ እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ።

ሌላ ጣጣ ግን አለ፤ መብራቱ። የእኛ ሰፈር መስመር ደካማ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የጎረቤት አምፖል ይፈዛል፣ አንዷ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስትለኩስ ደግሞ የእኔ ማሽን ይጠፋል። መጀመሪያ «ለብርዷ ብላ ምሳችንን ጥሬ አደረገችው» ብለው አጉረመረሙ። እኔም ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ልጄን ይዤ ነው የዞርኩት። እንዲህ ነው ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ የቀትሩ ዙሁር ከመድረሱ በፊት ወጡን ሠርተው ምድጃቸውን ያጠፋሉ፤ አሱር እስኪሰገድ የሚለኩስ የለም። ድንገት እንግዳ የመጣባት ሴት እንኳ ከሰል ታቀጣጥላለች። ያ በአሽሙር የገደለኝ ሰፈር ለልጄ ሲል ቀዝቃዛ ምሳ በላ። ወሎ እንዲህ ነው፤ ይስቅብሃል፣ ከዚያ ይሸከምሃል።

ሁለት በጋ እንዲህ አለፈልን። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ኳስ ሲጠልዝ፣ ግድግዳው ላይ ሲስል፣ በማሽኑ ፊት ተንበርክኮ እየጮኸ ድምፁ ሲቆራረጥ ሲስቅ። ቀትር ላይ ከክፍሉ አይወጣም፤ ልጆች በመስኮት ይጠሩታል፣ እሱ መስታወት ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ያያቸዋል። ይህንን አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም። ከእኔ ጋር ነበር፤ ለእኔ በቂዬ ነው።

ሦስተኛው በጋ ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ጭሱን ከሱቄ አየሁት። «ዛሬ ይቀየራል፣ ነገ ይቀየራል» ተባለ፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ትንሽ ጀኔሬተር ተውሰን ሞከርን፤ ማሽኑን ሊያነሳው አልቻለም፣ አቃስቶ ዝም አለ። ውሃም በመብራት የሚገፋ ስለሆነ ቧንቧው ደረቀ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ነጠላ እያራስኩ ልጄን ሳለብስ እውላለሁ፤ አማቴ በርጩማቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው በሰፌድ ያራግቡታል። እነዚያ ስንት ዓመት ልጅ ሲሸፍኑ የኖሩ እጆች፣ አሁን ጋቢ ሲያዩ ከአጠገቡ ያርቁ ነበር። አንድ ቀን ግን የቀዳነው ውሃ አለቀ። ሰው ከምንጭ እስኪመለስ ልጄ እጄ ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ስሙን ስጠራ፣ ስጠራ፣ አልሰማኝም።

ተረፈ። አልሐምዱሊላህ። ወሬው አቀስታ ሳይመሽ ደርሶ ኖሮ እህቴ በማግስቱ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ልጄ አጠገብ ተቀመጠች። አንድም ወቀሳ አልተናገረችም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። «መብራት እስኪመጣ ብቻ» አለች። «መብራት የመጣ ዕለት ነይና ውሰጂ።»

ብርዱን አመጣለታለሁ ያልኩት አፌ ተዘጋ። መኪናው ላይ ራሴ አወጣሁት። ልጄ ሲሄድ አላለቀሰም፤ እንደ ሽርሽር ነው የቆጠረው። እኔ ግቢ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ እንደመጣ ከበበኝ። «ሞቷል እንዴ? ተነሱ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እነሱ ምን በደሉኝ?

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መብራቱ መጣ፤ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። «ረጋ ይበል» አለች እህቴ፤ እውነቷን ነው። ረጋ ሲል ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት ገብቷል። «ዓመቱን ይጨርስ» ተባለ። ዓመቱ አልቆ ክረምቱ ሲወጣ ዳግም በጋው ደረሰ። እየተመላለስኩ አየዋለሁ፣ አብሬው አድራለሁ፣ ብቻዬን እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በስልክ «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» እያለ ያለቅስ ነበር። ቀስ በቀስ ማልቀሱን ተወ። ኋላ ኋላ ስደውል «እሺ እማ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ዋይ» ይልና ስልኩን ለአክስቱ ሰጥቶ ሲሮጥ ኮቴው ይሰማኛል። አማቴ በዚህ መሃል አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። እስከ መጨረሻው «ያ ልጅ መጣ?» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ አዲስ መስመር ተዘረጋ፤ መብራቱ አስተማማኝ ሆነ፣ አይፈዝም፣ አይጠፋም። ሰፈሩ በሙሉ በቀትር ወጥ እየሠራ እንኳ ማሽኑ ይሠራል። ባሌ ቱቦውን አጠበ፣ የመስኮቱን ጣውላ አደሰ፣ የክፍሉን ግድግዳ ቀባ። «በቃ፣ ምክንያት የለም። ሂጂና አምጪው» አለኝ። ለእህቴ ደወልኩላት። ስነግራት «ልጅሽ ነው፤ ነይ» አለች።

አቀስታ ስደርስ ቀትር ነበር። እህቴ የልጁን ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሻንጣ ውስጥ ከታ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። ተሳሳምን። «ሜዳ ነው፤ ነይ እንጥራው» አለች፣ ሻንጣውን አንጠልጥላ ወጣች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ጋቢዬን ጠቅልዬ እየተንቀጠቀጥኩ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ከዚያ አየሁት። ሹራብ ለብሷል። ልጄ፣ በቀትር፣ ሹራብ ለብሶ ይሮጣል! ኳስ ተከትሎ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ አቋረጠ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ «ጎል ነው! ጎል አይደለም!» ብሎ ከእኩዮቹ ጋር ተጨቃጨቀ፣ እንደገና ሮጠ። «ተቀመጥ» የሚለው የለም። ውሃ ይዞ የሚከተለው የለም። ቆሜ ቀይ ዓይን፣ የዛለ እግር ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ይሮጣል፣ ይሮጣል። ልጄ በቀን ብርሃን ሲሮጥ ያየሁት እስኪወድቅ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ እግር እንዳለው አላውቅም ነበር።

«አንድም ቀን ሸፍኜው አላውቅም» አለች እህቴ ከአጠገቤ፣ ወደ ሜዳው እያየች። «ልብሱን ሲበርደው ራሱ ይለብሳል፣ ሲሞቀው ራሱ ያወልቃል። እኔ እጄን አላስገባም።»

ያንን የታደሰ ክፍል አሰብኩት። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን አፍንጫ አሰብኳት። የእኔ ማሽን አንድ ክፍል ነው የሚያበርደው። አንድ ክፍል! ሰው እንዴት አንድ ክፍል ውስጥ ያድጋል?

ጨዋታው ሲያበቃ አየኝና «እማ!» ብሎ እየሮጠ መጣ፣ ወገቤን አቀፈ። ገላው ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ሲል አክስቱ እጅ ላይ ያለውን ሻንጣ አየ። ፊቱ ጭፍግግ ማለት ጀመረ።

«ልትወስጂኝ ነው?»

እህቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ልጄን አየሁት። ስንት ዓመት የለፋሁለት ቃል አፌ ላይ ነበር፤ «አዎ» ማለት ብቻ ነው፤ ይመጣልኝ ነበር፣ እናቱ ነኝ።

«አይ» አልኩት። «ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ሻንጣው የእኔ ነው።»

«እሰይ! ነገ ግጥሚያ አለን እኮ!» አለና ጉንጬን ስሞኝ ወደ ልጆቹ ተመልሶ ሮጠ። እህቴ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ማንንም አላፈርኩም፤ እስከ መካነ ሰላም እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ የማላውቃት ሴት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዬን አሻሸችኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የልጁ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ማሽኑ ያጓራል። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኮ ከማሽኑ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ያጎድላል። አልጋው ተነጥፏል፣ መሃሉ ላይ አዲስ ኳስ ተቀምጧል።

«መጣችሁ? ቶሎ ግቡና በሩን ዝጉት» አለ ሳይዞር። «ከቀትር ጀምሬ ነው ያቀዘቀዝኩት፤ ብርዱ እንዳይወጣ።»

ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ዞረ። እኔን አየኝ፣ ከኋላዬ ያለውን በር አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ።

«ልጁስ?»

«ነገ ግጥሚያ አለው» አልኩት።